ለግራኝ ልጅ የቀኝ ቀስት ስለመረጡበት ጥበብ

ለተከበሩ የታዳጊ ቀስተኞች ቡድን አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቢቸና

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎ ደህና ነው? ትከሻዎንስ አያምዎትም? እንዳያምዎት እጸልያለሁ፤ እኔ ቤት ያለችው የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ የልጄ ልጅ ሥርጉት፣ እናንተ በመረጣችሁላት ቀስት ትከሻዋ አብጦ ማበጠሪያ ማንሳት አቅቷታልና።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩት ፊደል ስለሆነ ቢንጋደድ ይታገሡኝ፤ ፊደሌ ይንጋደድ እንጂ ነገሬ ቀጥ ያለ ነው።

አንደኛ። ልጅቱ ግራኝ መሆኗን አገር ያውቃል። ባለቤቴ ወለተ ኢየሱስ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በግራ መብላት ነውር ነው እያለች እጇን በመቀነት ታስረው ነበር፤ ልጅቱ እጇ ሲታሰር አፏን ወደ ገበታው ታወርድ ጀመር፤ ባለቤቴም ተሸንፋ ተወቻት። ከሞጣ ተመድቦ የመጣው የስፖርት መምህሯ ይማም ይህንኑ አይቶ፣ በውሰት ባመጣው ለግራኝ በተሠራ ልል ቀስት አስለመዳት። በቀኟ ይዛ በግራዋ እየሳበች የኢላማውን መሐል ትበሳው ነበር። ለሞጣው ውድድር ጫፉ የታጠፈው፣ ሪከርቭ የሚሉት ቀስት ሊገዛላት ነው ሲባልም፣ ለግራኝ የሚሆን፣ ቁመቷን የሚመጥን፣ የመሳቢያ ክብደቱ ከሃያ ፓውንድ የማያልፍ ይሁን ብሎ ለኮሚቴዎ ደጋግሞ ተናግሯል።

እርስዎ ግን፣ ምስጋና ይድረስዎና፣ «የክብር እንግዳ ተቀምጦ የእኛ ልጅ በግራዋ ስትስብ ብትታይ ምን ይሉናል? አሳዳጊ የበደላት ነው የሚሏት» ብለው የቀኝ አስመረጡ። አሳዳጊዋ እኔ ነኝ፤ ሰምቻለሁ። ለወግ መጨነቅዎንም አደንቃለሁ። ግን ክቡር ሆይ፣ የቀኝ የሚባለው ቀስት በየትኛው እጅ እንደሚያዝ ጠይቀው ያውቃሉ? በግራ እጅ ነው የሚያዘው! አሁን ልጅቱ በእንግዶችዎ ፊት የምትዘረጋው ግራ እጇን ነው። ነውሩን እደብቃለሁ ብለው ፊት ፊት አስመሩት።

ሁለተኛ። ክብደቱን የመረጣችሁበት መንገድ ደግሞ ይበልጥ ያስመሰግናችኋል። ሾፌራችሁ ራሱ እየሳቀ እንደነገረን፣ ሱቅ ውስጥ የኮሚቴው አባላት ተራ በተራ እየሳባችሁ፣ «ይሄ መጫወቻ ነው፣ ይሄ ለሴት ነው» እየተባባላችሁ ቆይታችሁ፣ በመጨረሻ እሱ ጥርሱን ነክሶ የሳበውን አርባ ፓውንድ «ይሄ ነው የወንድ!» ብላችሁ ተሸክማችሁ መጣችሁ። የሚተኩሰው ሾፌሩ ቢሆን ኖሮ እኔም ባጨበጨብኩ። ተኳሿ ሴት ልጅ መሆኗን ያስታወሰ ግን ከመካከላችሁ አልነበረም።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄም ይጸየፋል። በዚያ ቀስት ስትለማመድ ትከሻዋ ቢያብጥ፣ ልጅቱን ይዤ ቢሮዎ መጥቼ፣ ሻጩ እቀይራለሁ ማለቱን ብነግርዎት፣ «አባባ፣ ንብረቱ ገቢ ሆኗል፤ አይቀየርም። ትልመደው» አሉኝ። እንግዲያው በመምህሩ ቀስት ትተኩስ ብል፣ «በኮሚቴው ቀስት ያልተኮሰች ሞጣ አትሄድም፤ ተተኪ ሞልቷል» አሉ። እሷው ፊት! ቀስት አይቀየርም፤ ልጅ ግን ትቀየራለች። በዕድሜዬ ብዙ ሹም አይቻለሁ፤ ይህ ግን ያንገፈግፋል።

በማግስቱ ከጓሮ ድምፅ ሰምቼ ብወጣ፣ ሞጣ እንዳይቀርባት ብላ ያንን ቀስት በታመመ ትከሻዋ ልትስብ ትታገላለች፤ ከንፈሯን ነክሳለች፣ እንባዋ በአገጯ ይወርዳል። ከእጇ ነጠቅኳት። ይኸው እስካሁን አታናግረኝም። እናንተ የመረጣችሁትን ቀስት እኔ በመንጠቄ፣ ጠላቷ እኔ ሆኛለሁ፤ ስለዚህም ውለታዎ አመሰግናለሁ።

ወጌሻው እስከ ፋሲካ ትከሻዋ ይበርዳል ብሏል። ውድድሩ ከፋሲካ በኋላ ነው። እንግዲህ ይወቁት፤ የመምህሩን ቀስት አስይዤ ሞጣ ይዣት እሄዳለሁ። ከመተኮሻው መስመር የሚያወጣትም ሰው እንዳይልኩ፤ እርስዎ ራስዎ ይምጡ፣ በምን ምክንያት እንደሆነም ለተሰበሰበው ሕዝብ ጮክ ብለው ይንገሩልኝ። እኔ ከፊት እቀመጣለሁ፤ ጆሮዬ ትንሽ ከበድ ይላል።

ለወግ ሲጨነቁ ልጅ ለሚረሱት ለእርስዎና የብርቱ ክንድ ባለቤት ለሆነው ኮሚቴዎ፣ ጉልበቴ በፈቀደልኝ መጠን ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

ባየ ወልደ ኪዳን
የሥርጉት አያትና አሳዳጊ

ይህንንም ልጨምር፦ ቀስቱን ትናንት ለጸሐፊዎ መልሻለሁ። ተቀብላ ጉዳት ደርሶበት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ እጀታውን፣ ክንፉን፣ አውታሩን አንድ በአንድ አገላብጣ አየችና «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልሆነም» አለች። ሥርጉት አጠገቤ ክንዷን በነጠላ አንጠልጥላ ቆማ ነበር። እንኳን ደስ ያለዎት፤ ቀስትዎ ደህና ነው።