ለሚላሕ ያላደረስኩት ቃል

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሽ አላል፣ ኤደን።

ጋሼ፣ ባሕር ተሻግረህ እንደምን ሰነበትህ? ያ ወባ ለቀቀህ ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኛ የአባቶቻችን አምላክ ይመስገን ደኅና ነን፤ እናታችንም ከጉልበቷ ሕመም በቀር ደኅና ናት።

የላክኸው ቁንዶ በርበሬ ሳይረጥብ ደርሷል። ከእሱ ጋር የመጣውን አደራህን ግን አላደረስኩም። ሚስትህን ሚላሕን፣ ከዘይት ነጋዴው ከበረካት ጋር ብቻሽን እንዳትሆኚ ብሎሻል በላት ብለኸኛል። ይህ ቃል በእኛ ሕግ ተነግሮ የሚረሳ አይደለም፤ ባል እንዲህ ካስጠነቀቀ በኋላ ሚስቱ ከዚያ ሰው ጋር በር ከተዘጋባት፣ ነውር ባይታይም እንኳ ለባሏ ትከለከላለች።

ጎረቤታችንን ዛካርን ታስታውሰዋለህ፤ ተልባ እግር የሚያበጥረውን። ከፋሲካ በኋላ ሚስቱን ናሲያን፣ ሌላ ሰው ሳይሰማ፣ ከቀለም ነካሪው ጋር ብቻሽን እንዳላይሽ አላት። እሷም፣ ደግሞ ከዚያ እጀ ሰማያዊ ጋር ብላ ሳቀችበት። ብዙም ሳይቆይ የአሸዋ አውሎ ነፋስ መንገድ ላይ ያዛትና ነካሪው ሱቅ ገባች፤ በሩም ተዘጋ። ዛካር ራሱ ሄዶ ለዳኞቹ ተናገረ። አንዱ መምህር፣ ሁለት ምስክር ያልሰማው ማስጠንቀቂያ ነፋስ ነው፤ ሂድ ከሚስትህ ጋር እራትህን ብላ አለው። ሌላው ግን፣ የባል አፍ ብቻውን ይበቃል የሚሉ አባቶች አሉ፤ ቤተ መቅደሱ ቢኖር መራራውን ውኃ ጠጥታ ንጽሕናዋ በታወቀ፤ ዛሬ ውኃውም ካህኑም የለምና ለዘላለም አትፈቀድልህም አለ። ዳኞቹ ፈርተው ወደ ጠበቀው ፍርድ አጋደሉ። ዛካርም ፈታት።

አሁን ናሲያ እናቷ ቤት ናት። ዛካር ማታ ማታ ከመስኮቷ ሥር ይቀመጣል። ንጹሕ መሆኗን ከማንም ይልቅ የሚያምነው እሱ ነው። ላለፈ ላገደመው ሁሉ፣ ውኃው ቢገኝ እኔ እጠጣላት ነበር ይላል።

የግቢያችን ጉድጓድ ደግሞ ከበረካት በር ወደ ውስጥ መሆኑን ታውቃለህ። ሚላሕ ውኃ ሳትቀዳ ልትኖር ነው? አንተ ዘንድ ምን እንደተወራ አላውቅም፤ እኔ ያየሁት ነውር የለም። ወንድምህ ምን አለ ብላ ስትጠይቀኝ፣ ናፍቆትሽ አስጨንቆታል አልኳት። አፍ አፌን አየችኝና፣ ይኸው ብቻ ከሆነ ደግ ነው አለች። አደራህን እንደ ተበላሸ ዕቃ ለላኪው መልሻለሁ። ከጠረጠርህ መጥተህ ከሚስትህ ጋር ተቀመጥ።

እናታችን ጉንጭህን ትስማለች። ልጅህ ፊንሐስ ቁመቴን መጥቶ ይይልኝ ይላል። ሚላሕም ዛሬ ማለዳ፣ ሰላም በልልኝ ብላኝ እንስራዋን ይዛ በበረካት በር ወደ ጉድጓዱ ገባች፤ ነፋሱም በሩን ከኋላዋ ገጠመው። ሥራዬን ትቼ እስክትወጣ ድረስ በሩን ሳይ ቆየሁ። ቃልህን ለማንም አልተናገርኩትም፤ እኔን ግን ይዞኛል።

ታናሽህ ፋራጅ
ፉስጣጥ፣ የካሴሉ ወር በገባ በሳምንቱ