በሙቱዋ ያሳበብኩት

አስካልዬ፣ የቤቴ እመቤት፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ አንድ ወር ቀረው። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ላይ ያስቆመኛል። የኢምባካሲው የስደት ቤታችን እንዳለ ነው። በራችን ላይ አስፋልት ስላነጠፉ ከአቧራው ተገላገልን፤ በምትኩ ማታቱ የሚሉት ታክሲ መስኮታችን ሥር ጥሩምባውን ይነፋል። ጽሕፈቴ እንደምታዪው ነው፣ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች። ፊደል በሽምግልናዬ ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽና ታገሺኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ወንድሜ ጋሼ ካረፈ በኋላ ልጁ ከደሴ አንድ ጥቅል ደብዳቤ ላከልን። ያ ሁሉ ዘመን እኔ እየተናገርኩ አንቺ የጻፍሽው ነው። ልጃችን ማርታ ለልጆቼ መጽሐፍ አድርጌ ላሳትመው ብላ ተነሣች። እኔም ደስ ብሎኝ መነጽሬን አድርጌ ተቀመጥኩ፤ የተናገርኩትን ላነብ።

የተናገርኩት የለም!

ያን የማታቱ ነገር ታውቂዋለሽ። አዲስ መጤ ሳለሁ፣ ሰው መጠየቅ ሞት መስሎኝ፣ ሹፌሩ ራሱ ያወርደኛል ብዬ ከመሃል ከተማ ኢምባካሲ፣ ከኢምባካሲ መሃል ከተማ ስመላለስ ዋልኩ። ጎረቤታችን ሙቱዋ አግኝቶኝ እጄን ይዞ ቤት አስገባኝ። ለጋሼ ያስጻፍኩሽ ግን ሌላ ነው፦ ሙቱዋ የሚባል ጎረቤት አለን፣ በገዛ አገሩ የሚጠፋ፣ ፈልጌ የማስገባው እኔ ነኝ። ማርታ የተወለደች ቀን ሆስፒታል በር ላይ ራሴን ስቼ መውደቄንም ለሙቱዋ ሰጠሁት። ደብዳቤው ላይ የጠፋውም የወደቀውም ባልሽ ነው። አንብቢልኝ ስልሽ ያልኩትን ቃል በቃል ትደግሚልኛለሽ፤ ወረቀቱ ላይ ሌላ። ከሥሩ አውራ ጣቴን ያተምኩትም እኔ!

ለካ ጋሼ በየመልሱ «ለሙቱዋ እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ» የሚለው ለዚህ ኖሯል። እኔማ ያ ጅል ምን ሠርቶ ነው እል ነበር።

ማርታን፣ ይህን ከመጽሐፉ አውጪው፣ ካልሆነ አይታተም አልኳት። «አባዬ፣ እሱ ከወጣ እማዬም አብራ ትወጣለች» አለችኝ። ሳምንት ሙሉ ተኮራረፍን።

በመጨረሻ ደብዳቤዎቹን ይዤ ሙቱዋ ዘንድ ሄድኩ። ወደ ስዋሂሊ እየመለስኩ አነበብኩለት። እስኪያስለው ሳቀ። «ማማ ማርታ ነበረች የምታውቅህ!» አለ ስለ አንቺ። ቆየት ብሎ ግን፣ አንተስ ምን ብለህ ነበር ያስጻፍካት አለኝ። ነገርኩት። ሳቁ ቆመ።

«ባባ ማርታ፣ ያኔ ምን በድዬህ ነበር?»

እጄን ይዘህ ቤቴ አስገባኸኝ፣ ሌላ ምንም አልኩት። እንዲያው ሳስበው፣ አገሬ ላይ ሰው የሚነሣልኝ ሰውዬ እዚህ እንደ ዓይነ ስውር ተመራሁ፤ ለመቆም የሚረገጥ ሰው ፈለግኩ መሰለኝ። ሙቱዋ፣ ያስጻፍካትንም ጻፈው፣ ልጆቹ ሁለቱንም ያንብቡት አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ አመል አወጣሁ። ማርታ የምታመጣልኝን መጽሐፍ ስገልጥ መጀመሪያ የምፈልገው ጅሉን ነው። አይጠፋም፤ ወይ ዘበኛ ነው፣ ወይ የቤት ሠራተኛ፣ ወይ ከሌላ አገር የመጣ። ሲሰናከል ሌላው ያነሣዋል። ይህን የጻፈው ሰው ያን ሰሞን ምን ገጥሞት ይሆን እላለሁ፣ እሱንስ ያነሣው ማን ይሆን? ጋሼም በየደብዳቤው የታች ሰፈር ሞኝ የሚለው አንድ ሰው ነበረው። ሰውዬው በእውነት ነበር? ወይስ ራሱ ጋሼ ነው? አንቺ ሳትጠረጥሪ አትቀሪም። ደግሞስ ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንድ ቀን ጉዴን በገዛ ዓይኔ እንዳነበው ነው? ይህን ሳልጠይቅሽ መሞትሽ ይቆጨኛል።

ማርታን ይታተም ብያታለሁ። ያንቺን እንዳለ፣ ከጎኑ እኔ ያስጻፍኩሽን፣ በራሴ እጅ ገልብጬ ሰጥቻታለሁ።

ሰው ስለ አንቺ ሲጠይቀኝም መልአክ ነበረች ብዬ አልገላገልም። ወጥ ላይ ጨው ማብዛትሽን፣ ብርድ ልብሱን ለብቻሽ መጎተትሽን፣ ያን ሁሉ ዓመት ዓይንሽን ሳታሺ መዋሸትሽን፣ አንዱንም ሳልቀንስ፣ አንድም ሳልጨምር እነግረዋለሁ።

ባልሽ