ከማን አንሼ ላይ ያለው ቦታሽ

ለአስካለ፣ ለቤቴ ሴት፤

እንደምን ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም። አንቺ ባለሽበት የሚከፋ ነገር እንደሌለ ቄሱ ነግረውኛል፤ የሚከፋው እዚህ ነው። ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እኔ ፊደል እንደማላውቅ ታውቂያለሽ፤ እየተናገርኩ የምትጽፈው ልጅሽ ጥሩነሽ ናት። ይሄ ያስይዘናል አባዬ እያለች እስክሪብቶዋን ደጋግማ አስቀምጣለች። ጻፊ ብያታለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ለሚስቴ የምለውን አላንሾካሹክም። የአንድ ሰው ስም ብቻ አላስጽፍም። እሱን ስሙ ባይጠራም ታውቂዋለሽ፤ ቃሬዛሽን ከተሸከሙት አንዱ ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። በጓዳው በኩል ያፈስ የነበረውን ጣሪያ እኔው ወጥቼ ደፈንኩት። ጥሩነሽ ትወድቃለህ ብላ ከታች ስትጮህ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየኝ፤ አልወደቅኩም። የጓሮው ኮክ ዘንድሮም አፈራ፤ የሚለቅመው ጠፍቶ ወፍ በላው። የቀበሌው ሱቅ ስኳር ሲመጣ ወረፋው እስከ ጠመንጃ ያዥ መታጠፊያ ይደርሳል። ሰዉ ወረፋ ላይ እንኳ እንደ ድሮው አያወራም። ፊት ለፊታችን የነበሩት ሴትዮ ልጃቸው ከተወሰደ ወዲህ የግቢያቸውን በር ከፍተው ነው የሚውሉት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፤ አንቺም እንደዚያው ታደርጊ ነበር። ከግርማችን ደብዳቤ የለም። ሰሜን ጦር ግንባር እንደሄደ ነው። ይምጣ አይምጣ የሚነግረኝ የለም፤ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ግን የጀግና አባት ብለው አስጨብጭበውልኛል። ተነስቼ ወጣሁ።

ሳሚ አድጓል። ፂም ብጤ አውጥቷል፤ ቁመቱ ግን ከትከሻዬ አላለፈም፤ ቅጥነቱም መልኩም ያንቺ ነው። የመጨረሻ ቀንሽ ላይ እጄን ይዘሽ፣ ታላቁን ወሰዱብኝ፣ ትንሹን እንዳትሰጣቸው ያልሽኝን አልረሳሁም። የማስጽፍሽም ስለሱ ነው።

ስታዲየም መሄድ አልተውኩም። ሚስቱን ቀብሮ ኳስ ያያል ብለው አውርተዋል፤ ያውሩ። እነሱ አንቺ ማን እንደነበርሽ የት ያውቃሉ? እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቀማምሰን፣ አንቺ ያቺን አረንጓዴ ጥለት ነጠላሽን ለብሰሽ፣ ኦቾሎኒ በመሐረብ ቋጥረሽ፣ በሜክሲኮ አድርገን በእግራችን ስንወርድ ጎረምሶቹ አባባ ዛሬ ስንት ለስንት ነው ይሉኛል። አንቺ ቀድመሽ፣ እሱን ምን ትጠይቁታላችሁ፣ እሱ የሚያየው ሲሚንቶውን ነው፣ እኔን ጠይቁኝ ትያቸዋለሽ። እውነትሽን ነበር። ያንን የስታዲየም ደረጃ ስንሞላ ሲሚንቶ ያቦካሁት በነዚህ እጆቼ ነው። መውጫው ጋ ያለችው ያቺ አንዷ ደረጃ ዘመም ያለችው ሳንቃውን የያዘው ሰውዬ ስላንቀሳቀሰው ነው እንጂ በኔ አይደለም፤ ይሄንንም ጥሩነሽ ትጻፈው። አንቺ ሁልጊዜ እዚያች ላይ ትደናቀፊያለሽ፤ እኔም ሁልጊዜ አስካለ፣ ቀስ በይ፣ ታዳልጥሻለች እልሻለሁ።

ባለሥልጣኖቹ ጥላ ሥር ናቸው፤ እኛ ፀሐይ ይመታናል። ያንን የኛን ወገን ሰዉ ከማን አንሼ ብሎ ስም ያወጣለት ለኔ ብሎ ይመስለኛል። በዚያ ሁሉ ወንድ መሀል አንቺ ብቻሽን ሴት ሆነሽ፣ የፋብሪካችን ቡድን አጥቂ ኳስ ላይ መድረስ ሲያቅተው ብድግ ብለሽ፣ አንተ ልጅ ምሳ አልበላህም እንዴ፣ ና ላጉርስህ ብለሽ ስትጮኺ፣ ከኋላችን ያሉት ጎረምሶች፣ እማማ፣ እኛንም ያጉርሱን፣ እኛም አልበላንም ይሉሻል። ኦቾሎኒሽን የምትጨርሺው ለነሱ እያደልሽ ነው።

አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ነጠላሽን ይዤ እሄዳለሁ። ቦታሽ ላይ አነጥፈዋለሁ። ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሰው ቆሞ ሲያይ እንኳ ማንም አይቀመጥበትም። የማያውቅ እንግዳ ሊቀመጥ ሲል፣ ተነስ፣ የእማማ ቦታ ነው ይሉታል። አንዴ አንዱ፣ እማማ የታሉ ቢል፣ ያ ሁልጊዜ ከኋላችን የሚቀመጠው ረጅሙ ሾፌር፣ ሽንት ቤት ሄደው ነው፣ ይመጣሉ አለው። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። አትቆጪ፤ አንቺም ትስቂ ነበር።

ሳሚን ከቤት አላስወጣም ነበር። ለጦርነቱ የሚደረገው አፈሳ ከጠነከረ ወዲህ ጎረምሳ መንገድ ላይ አይታይም። አብነት ገበያ መሀል፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከትምህርት ቤት በር ላይ ሳይቀር ለቃቅመው ወሰዷቸው። ስታዲየም ግን ባለሥልጣን የሚገባበት ነው፣ እዚያ አይነኩም ይባል ነበር። ልጁ ደግሞ ግድግዳ እያየ ሊያብድብኝ ሆነ። ፋብሪካችን ለዋንጫ ሲደርስ አባዬ፣ አንድ ቀን ብቻ አለኝ። ይዤው ወረድኩ። ቦታሽ ላይ ነጠላሽን አንጥፌ በመሀከላችን አደረግንሽ።

ጨዋታው እንዴት ያለ ነበር መሰለሽ! ዝናቡ አቁሞ ሣሩ ታጥቧል። አንድ ለአንድ ሆነን፣ የነሱ በረኛ ሁሉን ሲመልስ፣ ሊያልቅ ሲል ያ ምሳ አልበላም የምትይው ልጅ ገጭ አድርጎ አገባው። ሳሚ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ልጅሽ ሲስቅ ያየሁት ከግርማ መሄድ ወዲህ ያኔ ብቻ ነው። እኔም ጮህኩ፤ ይህ ጉሮሮዬ እስካሁን ይከረክረኛል።

ከዚያ ኦቾሎኒ ልገዛለት ዞር ስል ሻጭ የለም። አንድም የለም። ሲጋራ ሻጭ የለ፣ ሸንኮራ ሻጭ የለ። ከዕረፍት በኋላ አንዳቸውንም እንዳላየሁ ያኔ ትዝ አለኝ። የመንገድ ልጆች ቀድመው ያውቃሉ፤ ቀድመው ወጥተዋል። ሰዉ እየዘፈነ ነው፤ ከዘፈኑ ሥር ግን የትልልቅ መኪና ሞተር ይሰማኛል፤ የተነሳ፣ የማይሄድ። ሾፌሩ ጆሮውን አቀና፣ አባባ፣ ይሄ የወታደር መኪና ነው አለኝ። እሱ ሞተር አይስትም።

ፊሽካው ሲነፋ በሮቹ አልተከፈቱም፤ አንዱ ብቻ ተከፈተ። ሴት፣ ሕፃንና ሽማግሌ በዚህ እያሉ በድምፅ ማጉያ ጮሁ። ጎረምሳውን ወደ መኪናው። የየቀበሌውን ጠባቂ አምጥተው በሩ ላይ አቁመውታል፤ የየሰፈሩን ልጅ እያየ እንዲያመላክት።

አስካለ፣ አላሰብኩም። እጄ ነው ያሰበው። ነጠላሽን ከቦታሽ አነሳሁ፣ ሳሚ ላይ ጣልኩት። ጥለቱን አዘቅዝቄ፣ እንደ ሐዘንተኛ ፊቱ ድረስ ሸፈንኩት። ጋቢዬን ከወገቡ በታች ጠመጠምኩለት። ከማን አንሼ ላይ የነበረው ሰው ማንም ሳያዘው ተነስቶ ዙሪያችንን ቆመ፤ ከውጭ የሚያየን አልነበረም። ሾፌሩ የአንድ ሽማግሌ ከዘራ ተቀብሎ ሰጠው። በዚያ ሰዓት እንኳ አንዱ ነውረኛ፣ እማማ፣ ፂምዎን ይሸፍኑ አለ። ያ የተናገረው ልጅ ራሱ ጎረምሳ ነበር። የት እንደደረሰ አላውቅም።

ልጅሽን ደግፌ ወረድኩ። ጎንበስ ብሎ፣ ክንዴን ይዞ፣ እንዳንቺ እየተነፈሰ። ወታደሮቹ ሐዘንተኛ አይተው ዞር አሉልን። ወደ በሩ ደረስን። ያቺ ዘመም ያለች ደረጃ ላይ እግሩ ሲያርፍ፣ አፌ ያንን ሁሉ ዓመት የለመደውን ሳይጠይቀኝ አወጣው። አስካለ፣ ቀስ በይ፣ ታዳልጥሻለች አልኩ። ጮክ ብዬ።

ቀና ስል የኛ ቀበሌ ጠባቂ ሆኖ እሱ ቆሟል። መሣሪያውን ትከሻው ላይ አድርጎ። ቃሬዛሽን የተሸከመ፣ በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ከጎኔ የበላ ሰው። እኔን አየ፤ ነጠላውን አየ፤ ከጋቢው ሥር የወጣውን የሳሚን ሸራ ጫማ አየ። ብዙ አየው ጫማውን። ከዚያ፣ እማማ አስካለን አመማቸው እንዴ አለኝ። አዎ አልኩት። እግዜር ይማራቸው አባባ አለና ጠጋ ብሎ አሳለፈን።

ቤት ገብቼ በሩን ስዘጋ ደግ ሰው ነው አልኩ። ጥሩነሽም እግዜር ይስጠው አለች። በማግስቱ ከሥራ መልስ ጊዜ በደጃችን ሲያልፍ ቆመና፣ እማማ ተሻላቸው አለኝ። ደህና ናት አልኩት። በማግስቱም፣ ከዚያ ወዲያም እንዲሁ። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ጎረቤት እየሰማ። ቀብርሽ ላይ የነበረ ጎረቤት ነው እኮ የሚሰማው። ሰው ሁሉ አንገቱን ይደፋል። ልጆቹ እንኳ መጫወታቸውን አቁመው ያዩኛል። ጥሩነሽ ጉቦ ፈልጎ ነው ትላለች። ጉቦ የሚፈልግ ይጠይቃል። ይሄ ምንም አይጠይቅም፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ሳሚ የሰውዬው ኮቴ በተሰማ ቁጥር አልጋሽ ላይ ወጥቶ ይከናነባል። አንድ ቀን ገልጬው ሳይ ያንቺን ፊት ያየሁ መስሎኝ ደነገጥኩ። ያንቺን የመጨረሻ ቀን ፊት።

ሐሙስ ለት ሰውዬው ሳይጠራ ገባ። ያንቺ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። መጋረጃውን አየ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ሳሚ ትንፋሹን ውጧል። ውኃ ሰጠሁት፣ ጠጣ። ሲነሳ፣ እሁድ ትልቅ ጨዋታ አለ አባባ፣ እማማን ይዘዋቸው ይምጡ፣ እኔ በሩ ላይ ነኝ አለኝ። ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ከጥሩነሽ ጋር ይህን ስንፈታ ሰነበትን። እሷ አሳልፋቸዋለሁ ማለቱ ነው ትላለች። ሳሚ ሊይዘኝ ነው ይላል። እኔ የሰው ሆድ አላነብም፤ ፊደልም አላነብም። ከተናገረው የማምነው አንዱን ብቻ ነው፤ እሁድ በሩ ላይ ነው። በሩ ላይ ከሆነ እኛ ሰፈር የለም። የቀበሌው ጠባቂ ሁሉ እዚያ ከወረደ፣ ከደጃችን እስከ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ያለውን መንገድ የሚጠብቀው የለም።

እና ነገ እሁድ ሰዉ ወደ ስታዲየም ሲወርድ ሳሚ ከጥሩነሽ ጋር በዚያ በኩል ይወጣል። ወንድምሽ ዘንድ፣ ገጠር። ነጠላሽን ለብሶ ነው የሚሄደው። ጥሩነሽ ጫማሽን ተረከዙ ላይ ቀድዳ አስፍታለታለች፤ ሸራ ጫማ አይታይም። ይደርስ እንደሆነ አላውቅም። ቃል የገባሁልሽ በሕይወት እያለሁ በእጄ እንደማልሰጣቸው ነው። ያንን ጠብቄያለሁ።

እኔ ደግሞ ኳስ አያለሁ። አልሸሸግም፤ ቤት ከቀረሁ ፈልገውኝ መጥተው ቤቱን ያያሉ። ጋቢዬን ለብሼ፣ ኦቾሎኒ በመሐረብሽ ቋጥሬ፣ በሜክሲኮ አድርጌ ብቻዬን እወርዳለሁ። በሩ ላይ ቆሞ፣ እማማስ የታሉ ይለኛል። ያኔ ያን ሁሉ ቀን የዋሸሁበትን አፌን እከፍትና፣ አስካለ ሞታለች፣ አንተ ራስህ ተሸክመህ ቀብረሃታል እለዋለሁ። ጮክ ብዬ፣ ሰው እየሰማ። ከዚያ በኋላ የሚያደርገውን ያድርግ።

ካሳለፈኝ ቦታችን ላይ እቀመጣለሁ። ቦታሽ ላይ የሚነጠፍ ነጠላ ነገ የለም፤ የጋቢዬን እኩሌታ አነጥፍልሻለሁ። ኦቾሎኒውን ከኋላችን ለተረፈው አድላለሁ። ከተረፈ። ያ ልጅ ሲያገባም ባንቺ ፋንታ ተነስቼ እጮኻለሁ፤ እግሬ እስከቻለኝ ድረስ እሁድ እሁድ እንዲሁ አደርጋለሁ። ስወጣ ያቺ ደረጃ ላይ ስደርስ፣ ማንም አጠገቤ ባይኖር፣ አስካለ፣ ቀስ በይ እላለሁ። ይህን ማንም አያስተወኝም።

ባልሽ። ጣቴን ቀለም ነክሬ ከታች አትሜበታለሁ።