ኮንሱኤሎ ብለህ የሰየምካት

አባዬ፣ ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት መጣ። የሰኔ ብርድ በሱቁ የብረት ፍርግርግ እየገባ እጄን ያደርቀዋል። በስደት የገባህባት ሰፈራችን አይቮሪ ፓርክ እንደነበረች ናት። ዕቃ ለማምጣት መሀል ከተማ፣ ታውን የሚወርደው አሁን አጎቴ ነው፤ እኔም ትምህርቴን ካቆምኩ ወዲህ ከጠዋት እስከ ማታ ሱቅ እቀመጣለሁ። ወንበርህ አንድ እግሩ ስለተሰበረ ከሥሩ ጡብ አድርገንለታል። ፊት ለፊት ያሉት አሮጊቷ ጎጎ ዳቦ ሊገዙ ሲመጡ ዛሬም ቀልድህን ያነሱልኛል።

ደክሞኛል፣ አባዬ። ሥራውን ለምጄዋለሁ፤ የከበደኝ ስሜ ነው።

ታሪኩን ስንቴ ነገርከኝ። ወንድሜ በሕፃንነቱ በሞተ በዓመቱ እኔ ተወለድኩ። ያዋለደችኝን ኩባዊት ሐኪም ስሟን ብትጠይቃት ኮንሱኤሎ አለችህ፤ ትርጉሙ መጽናኛ ነው ስትልህ፣ በእኛ አገር ማስረሻ እንደማለት ነው ብለህ ለእኔ ሰጠኸኝ።

አስከሬንህ ወደ አገር ቤት፣ ወደ ሆሳዕና ሲሄድ እኔና እማዬ የመኖሪያ ወረቀት ስላልነበረን መሸኘት አልቻልንም። መቃብርህን አላየሁትም። ሊያጽናኑን የመጡት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች እጄን እየያዙ፣ «ስምሽ ራሱ መጽናኛ አይደል? አንቺ ካለቀስሽ እናትሽን ማን ይይዛታል?» አሉኝ። ስለዚህ አላለቀስኩም። እማዬ ስታለቅስ ሻይ አፈላላታለሁ። እንባ ሲመጣብኝ የዱቄት ከረጢት እንደ አዲስ መደርደር እጀምራለሁ።

ባለፈው ሳምንት እማዬን ለደም ግፊቷ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ሽማግሌ ኩባዊ ናቸው። ስሜን ሲሰሙ «የአያቴ ስም ነው» ብለው ሳቁ። በአገራቸው ስሙ ከማርያም የመጣ ነው አሉኝ፤ ያዘኑ ልጆቿን የምታጽናና እናት ማለት ነው፣ ለሴት ልጅ የሚያወጡትም ማርያም ልጅቷን እንድታጽናናት ነው። እኛ ጴንጤዎች ስለሆንን ለእማዬ ስተረጉምላት ፊቷን ታጠቁራለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። በታክሲ ወደ ሱቅ ተመለስን።

የሱቁን ቁልፍ ላስገባ ስል እጄን ያዘችው። «እንግዲያው ማጽናናቱ የእናትየዋ ነበራ» አለች። «አባትሽ ግማሹን ሰምቶ ነው የመጣው። መቼም እንደሱ ነው፤ ዘይት ግዛ ሲሉት ጠርሙሱን አይቶ አቼቶ ይዞ ይመጣል።»

ሳቅን። ከዚያ ሳቄ ወደ ልቅሶ ሄደብኝ። ውስጥ ስንገባ እማዬ ዳቦ መደርደሪያው ሥር ተቀምጣ ራሴን ጭኗ ላይ አደረገችው። ጎጎ መጥተው ፍርግርጉን በሳንቲም ሲያንኳኩ፣ እማዬ ቀና እንኳ ሳትል በአማርኛ «ዝግ ነው» አለቻቸው። ገባቸው መሰለኝ፣ ቀስ ብለው ሄዱ።

ግማሹን ሰምተህ ያወጣኸው ቢሆንም ስሜን አልቀይረውም። ማስረሻ እንደማለት ነው ብትልም፣ አንተን አያስረሳኝም። ከእንግዲህ ስትናፍቀኝ ከረጢት አልደረድርም። ወንበርህ ላይ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ፤ እማዬም አጠገቤ ናት።

ልጅህ ኮንሱኤሎ