ጫማዬን አስሬ እደርሳለሁ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
ገበያው ደህና ነበር። ከጠረብኋቸው የእንጨት መስቀሎች ሁለት ተሸጡ። አስጎብኚው ሚኪ ፈረንጆች ይዞ መጣና እንደ ልማዱ መስቀሉን ትቶ እኔን ማስጎብኘት ጀመረ። "ይሄ ጀግናችን ነው! በቆሰለ እግሩ ስድስት ጓደኞቹን ከሞት ያወጣ!" ባለፈው ሳምንት አራት ነበሩ። በዚህ አያያዙ እስከ ገና ክፍለ ጦሩን በሙሉ አወጣለሁ።
እኔ ያልሁት "አብረን ወረድን" ብቻ ነበር። ሌላውን የጨመረው ሚኪ ነው። ግን ለምን ዝም አልሁ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12
ሚካኤል። የአባባ ማኅበር ተራው እኛ ቤት ነበር። ሽማግሌዎቹ "የጀግናው አባት" ሲሏቸው አባባ ጢማቸውን ይዳብሳሉ። ቄስ ናቸው፣ ትዕቢት ኃጢአት መሆኑን ያውቃሉ... ግን ደስ አላቸው።
ሰው ሲሄድ ለመንኋቸው።
"ደሳለ የሚባል ጓደኛዬ ሞቷል። በጸሎት ያስቡልኝ።"
"የክርስትና ስሙ ማን ነው?"
"...አላውቅም።"
"ሁለት ዓመት አብራችሁ በልታችሁ?"
"ወታደር ቤት ማን ይጠይቃል? እኛ ቀርፋፋው ነበር የምንለው።"
"ታዲያ 'ነፍሰ ገብርከ ቀርፋፋው' ልበል?" ሳቁ። "በል እናቱን ጠይቃት።"
እናቱ የሚኖሩት ሙጃ ከተማ ነው። ስምንት ወር ሙሉ የሸሸሁት እሳቸውን ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
ልጻፈው። ማንንም አላወጣሁም። የወጣሁት እኔ ነኝ።
ከኮረብታው ስናፈገፍግ እግሬን ተመታሁ። ደሳለ ተመልሶ ጎትቶ አመጣኝ፣ ለሌሎቹ አስረከበኝ። እሱ መትረየሱን ይዞ ቀረ። "ና እንጂ!" አልነው። "ቅደሙ፣ ጫማዬን አስሬ እደርሳለሁ።" አመንነው! ለሰልፍ የመጨረሻ፣ ለምሳ እንኳ የመጨረሻ ነበራ። "ዛሬም ልታረፍድ?" ብዬ ተቆጣሁት። ከእኔ የሰማው የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው።
ታች እስክንደርስ መትረየሱ አላቋረጠም። ከዚያ ዝም አለ...
ወደ ታች የወረድነው አምስት ነበርን። አምስታችንም አለን።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17
ሙጃ ሄድሁ። ለደሳለ እናት፣ ለእማማ ዓይናዲስ፣ ሁሉንም ነገርኋቸው።
"አንተን ሊያወጣ ተመለሰ? የኔ ልጅ? ውሻ ሲጮህ ቀሚሴ ውስጥ የሚደበቀው?" ሳቁ። ሳቃቸው ለቅሶ ሆነ። አብሬ አለቀስሁ።
"ይቅር ይበሉኝ። የሱን ስም ለብሼ ነው የከረምሁት።"
"ታዲያ አውልቀህ ስጠዋ! አፍ የለህም?"
የክርስትና ስሙን ነገሩኝ፤ ወልደ ሩፋኤል። ስነሳ እጄን ያዙኝ።
"ያንተስ?"
"የኔ ምን ያደርግልዎታል?"
"ልጄ ነፍሱን የሰጠለትን ሰው ስም ሳላውቅ ልቅር? ለሱ ለነፍሱ፣ ላንተ ለዕድሜህ አስጸልያለሁ።"

እሑድ፣ ጥቅምት 23
ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ ባለበት እውነቱን ተናገርሁ። ሚኪም ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨምረው አጣ። አባባን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። የጀግና አባትነታቸውን በአደባባይ ገፈፍኋቸው እኮ።
ቤት ስንደርስ አባባ ደጃፍ ላይ ቆሙ።
"ስምንት ወር ቀድሻለሁ። ልጄን ያመጣልኝን ልጅ አንድ ቀን በስሙ ሳልጠራው።"
 ነገ ለደሳለ ጸሎት ሊያደርሱ ሙጃ፣ እናቱ ዘንድ ሊሄዱ ነው። ዕቃቸውን ራሳቸው አዘጋጁ፤ እኔ እንድከተላቸው እንኳ አልጠየቁኝም። እከተላለሁ።