በተበላሸው ሃርድ ዲስክ ውስጥ የቀረው አማና

ለባለቤቴ ለዘሃራ፦ የቢስቲማ ሴቶች አደራ ብለው በእጅሽ ያኖሩት አማና ከአንቺ በኋላ ምን እንደደረሰበት ላስታውቅሽ ይህን እጽፍልሻለሁ። አላህ ቀብርሽን ያስፋልሽ። ሙት ደብዳቤ እንደማያነብ፣ ከሕያው የሚደርሰውም ዱዓና ሰደቃ እንደሆነ ለሰው ሳስተምር የኖርኩ ነኝ፤ አሁንም አልዘነጋሁትም። ይሁን እንጂ ይህ ጉዳይ የአንቺ ነው፤ ከአንቺ በቀር የምነግረው ሰው የለኝም።

ከተለያየን ሁለት ረመዳን አለፈ። ልጃችን ኡመር የግቢውን በር በብረት አስቀይሮታል። የኮኩ ዛፍ ደርቆ ተቆረጠ። ሰፈራችን ሆጤ እንደ ወትሮው ጭጋጓን ለብሳ ታድራለች። እኔም እሰግዳለሁ፣ ደረሶቼን ቁርኣን አስቀራለሁ፣ የቀረበልኝን እበላለሁ። ሰዎች ሰብሬን፣ ትዕግሥቴን፣ ያመሰግናሉ። ሰብር ግን የሚያመው ሰው የሚያደርገው ነው፤ እኔን አላመመኝም። ከቀብርሽ ቀን ጠርቶ የሚታየኝ የድንኳኑ አንድ ገመድ መላላቱ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ገመዱን እያየሁ ነበር።

ከምታስተምሪበት ትምህርት ቤት ስትመለሺ የምትቀመጪበት ኮምፒዩተር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ተሸፍኖ ቆየ። ሴቶቹ ወላድ ስትጨነቅ ተሰብስበው የሚያደርጉትን ዱዓ፣ አሮጊቶቹ ሳያልፉ በስልክሽ እየቀዳሽ ያኖርሽው እዚያ ውስጥ እንደሆነ አውቃለሁ። ወንድ እንዳይሰማው ቃል አስገብተውሻል። ማዳመጫውን ጆሮሽ ላይ አድርገሽ ስትሠሪ እኔ ከበረንዳው ሆኜ ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አይ ነበር። አንድ ቀን ምን እንደሚሉ ጠየቅሁሽ፤ አንተ ምጥ ሲይዝህ እነግርሃለሁ ብለሽ ሳቅሽ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁሽም። በቃልሽ መጽናትሽ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ያኔ ግን አልነገርኩሽም።

ኡመር በቅርቡ ኮምፒዩተሩን ከፈተው። ድምፅሽን ፈልጎ ነው። ስልክሽ በሕመምሽ ሰሞን ስለጠፋ ከዚያ በቀር የተቀዳ ድምፅሽ በቤታችን የለም። ማሽኑ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ደርቆ ቀረ። ሰኞ ገበያ ያለው ጠጋኝ ሃርድ ዲስኩ እየሞተ መሆኑን ነገረን፤ በተከፈተ ቁጥር ይብስበታልና ዳግም እንዳንነካው አስጠነቀቀን። ይህን የሚችል ሰው ያለው ኮምቦልቻ ነው አለ።

በፎጣ ጠቅልዬ ይዤው ከኡመር ጋር በሐረጎ ቁልቁለት ወረድን። የኮምቦልቻው ጠጋኝ ጨዋ ሰው ነው። የሚነበበውን ያህል ወደ አዲስ ዲስክ ሊገለብጥልን እንደሚችል፣ ደህና መውጣቱን ለማረጋገጥ ግን ጥቂቱን ከፍቶ መስማት እንዳለበት ነገረኝ። ይህ የሴቶች አማና ነው፣ አይሰማም አልኩት። ሳይሰማ ምኑን አውቆ እንደሚያስረክበኝ ጠየቀኝ። የስፒከሩን ሽቦ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። «ሼህ፣ እንግዲያው ጆሮዬንም ነቅለው ይያዙልኝ» አለ። ኡመር ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። ሽቦው ሥራው እስኪያልቅ ኪሴ ውስጥ ሰነበተ።

ከኡመር ጋር ልረከብ ስሄድ የፋይሎቹ ስም ሁሉ ጠፍቶ ነበር። የቀረው ቁጥር ብቻ ነው። እኩሌታውም ተቆራርጧል። የትኛው የሴቶቹ እንደሆነ፣ በየትኛው አንቺ እንዳለሽ፣ ሳይሰሙ መለየት አይቻልም። ጠጋኙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንዱን ብቻ ይስሙት፤ ሚስትዎ እኮ ናት» አለኝ። አይሆንም አልኩት። ለደረሶቼ አማና ሲከብድ ነው የሚፈተነው እያልኩ የማስተምር ሰው፣ በራሴ ሲደርስ ቀለል ላደርገው አልችልም። ኡመር ግን እስከ ደሴ ድረስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ሄደ። ቤት ስንደርስ «እናቴን ለሁለተኛ ጊዜ ቀበርካት» አለኝ። ልቆጣው የሚገባ ነበር፤ ቁጣም አልመጣልኝም።

አማና የሚመለሰው ለባለቤቱ ነው። ስለዚህ ከሴቶቹ በዕድሜ ታላቅ ወደሆኑት፣ መጀመሪያ ዱዓውን ወደሰጡሽ ወደ እማማ ዘምዘም ቢስቲማ ሄድን። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሴቶቹ እንዲጠፋ ቢፈልጉ እዚያው በፊታቸው እንደማጠፋው፣ አንድም እንዳልሰማሁ በአላህ ስም አረጋገጥኩላቸው። ኡመር አዲሱን ዲስክ በያዘው ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ አንዱ ሲያልቅ ሌላው እንዲቀጥል አዘጋጀላቸው፤ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረገላቸው። ከዚያ ሁለታችን ወጥተን ከአጥሩ ሥር ተቀመጥን።

ከዙህር ሶላት እስከ ዐስር ሶላት ተቀመጥን። ከቤት ውስጥ ምንም አይሰማም፤ እማማ ዘምዘም አልፎ አልፎ ይስላሉ። ኡመር ጉልበቱን አቅፎ መሬት ያያል። ያጠፉት ይሆን ብሎ ጠየቀኝ፤ መብታቸው ነው አልኩት። ይህን ስል ሳላውቀው የአጥሩን እሾህ ጨብጬ ኖሮ ወጋኝ። ከሄድሽ ወዲህ በአካሌ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

ዘሃራ፣ ቃልሽ በእኔ በኩል አልፈረሰም። ጁሙዓ በመጣ ቁጥር በስምሽ ዱዓ አደርጋለሁ፤ ለዚያም የተቀዳ ድምፅ አያስፈልገኝም። ቢጠፋም አስታውስሻለሁ፣ ቢኖርም አስታውስሻለሁ። በበረንዳው ሆኜ ያየሁትን የከንፈርሽን እንቅስቃሴ ከእኔ የሚወስድ ብልሽት የለም። ለልጅሽ ግን ይህ አይበቃውም፤ ያንንም ተረድቻለሁ።

እማማ ዘምዘም በዱላቸው እየተመረኮዙ ወጡ። ላፕቶፑን ኡመር ከኋላቸው አንሥቶ እንዲያመጣ አዘዙት። ዓይናቸው ቀልቷል። ከመጨረሻው አንድ በቀር ሁሉም የእነሱ ዱዓ ስለሆነ ለሴቶቹ ለይተን እንድናስቀርላቸው ነገሩኝ። ከዚያ ማዳመጫውን ወደ እኔ ዘረጉ። እጄን ሳልዘረጋ ቆምኩ። እሳቸውም እንዲህ አሉኝ፦

«ይሄ የመጨረሻው ላይ እኛ የለንም። ስልኩ ይሠራ እንደሆን ስትሞክር ብቻዋን ያወራችው ነው። የእኛን እንዳትሰማ ተባልክ እንጂ የሚስትህን ድምፅ ማን ከለከለህ?»