ከኢትዮጵያ ጎዳና የመጣው ሰም

የሺራ አባት፣ ውዴ አስማረ፤

«ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል» ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት። እጅ ልማዱን ቶሎ አይረሳም። ጠዋት ለሥራ እንደወጣህ በዚያው ከቀረህ ሰባት ወር አለፈ። ታልፒዮት ባለው መጋዘን ውስጥ ካርቶን እንዳቀፍክ ልብህ ቆመ ብለው ሲነግሩኝ፣ ከዚያ በላይ የሚያስደነግጠኝ ነገር በምድር ላይ ያለ አልመሰለኝም ነበር። አለ ለካ። አንተው ራስህ አስቀምጠህልኝ ሄደሃል። ያገኘሁት በቅርቡ ነው። ለዚህ ነው የምጽፍልህ። ቁጣም አለበት፣ እንግዲህ ቻለው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሰፈራችን ፒስጋት ዘኤቭ፣ ከኢየሩሳሌም ዳር እንዳለች ናት። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ትንሽ ካሰበ በኋላ ነው የሚሄደው። ሺራ የውትድርና ጊዜዋን ልትጨርስ ጥቂት ወራት ቀርተዋታል። አርብ ሲፈቅዱላት ትመጣለች፤ ቦርሳዋን ኮሪደሩ ላይ ወርውራ መጀመሪያ የምታየው አንተ የሠራኸውን መብራት ነው። ባለፈው ወር አየት አደረገችውና «ኢማ፣ እናቴ፣ ሞቷል እኮ» አለችኝ። ከዚያ ያለችውን ራሷ ሰምታ ደነገጠች።

እውነቷን ነው። ሰሙ ከታች ተጋግሮ ቀርቷል፣ ቀለሙም ገርጥቷል። በየወሩ ሰሙን የምትቀይረው አንተ ነበርክ፤ እኔ ሳህን ከማቀበል በስተቀር ነክቼው አላውቅም።

ያን መብራት ለምን እንደሠራኸው አልረሳሁም። ሺራ ሕፃን ሳለች አርብ ሰንበት ሲገባ የቴሌቪዥኑን መጥፋት አትችለውም፤ እስክትተኛ ታለቅስ ነበር። አንተ አንድ ሱቅ ውስጥ ሰም በውሃ መሐል ቀስ እያለ የሚወጣና የሚወርድበትን፣ ላቫ ላምፕ የሚሉትን መብራት አይተህ መጣህና «ይህንንማ እኔም እሠራዋለሁ» አልክ። የጃም ጠርሙስ፣ የሚያግል የድሮ አምፑል፣ ፓራፊን፣ ውሃና አልኮል። ሰሙ ከታች አልነሳም ሲል ውሃ ትጨምራለህ፤ ወጥቶ አልወርድም ሲል አልኮል ትጨምራለህ። ከስንት ሙከራ በኋላ አንድ አርብ ሰንበት ሳይገባ አበራኸው። ከዚያ በኋላ ሶኬቱ ላይ የሞላነው የሰንበት ሰዓት በራሱ እስኪያጠፋው ማንም አይነካውም። ሰሙ እስኪሞቅ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ልጅቷ አልቅሳ ልትጨርስ ስትል አንዲት ቢጫ ጉብታ ከታች ብድግ አለች። ሺራ ለቅሶዋን ተወች፣ አንተም አፍህን ከፍተህ ቀረህ። የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲያ ቀለም ያዘህ። ሌላውን ሰው መጠጥ ይይዘዋል፣ አንተን የያዘህ ቀለም ሆነ። የሰሙ ድስት ከወጥ ድስት እንዳይቀላቀል ጆሮው ላይ ቀይ ክር አሰርክበት። ድስቱ ውስጥ ውሃ፣ ውሃው ውስጥ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ሰም። ሲቀልጥ ቀለሙን በቢላ ጫፍ ትጨምርና ነጭ ሳህን ላይ ጠብ አድርገህ እስኪረጋ ትጠብቃለህ። የቀለጠ ሰም ውሸታም ነው፣ እውነቱን የሚናገረው ሲረጋ ነው ትለኝ ነበር። የረጋውን ደግሞ አንስተህ አምፑል ፊት ትይዘዋለህ፤ ሳህን ላይ ቀይ የነበረው ብርሃን ሲያልፍበት ሮዝ ሆኖ ይገኛልና። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሞሮኳዊት የመጋረጃዋን ጫፍ ቆርጣ ሰጥታህ ለእኔም መብራት ልክ በዚህ ቀለም ሥራልኝ ስትልህ፣ ያንን እራፊ ሳምንት ሙሉ ኪስህ ውስጥ ይዘህ ዞርክ። አገኘኸውም። የራሳችንን መብራት ቀለም ግን ለማንም አልሠራህም። የበሰለ ዱባ ውስጡን የመሰለ፣ ሙቀት ያለው ቢጫ ነበር።

እንግዲህ ሺራ መብራቱ ሞቷል ስትል ጊዜ እኔ እሠራዋለሁ አልኩ። የሻማው ቀለም አልቆ ስለነበር የኬክ ቀለም ጨመርኩበት። ለካ እሱ ውሃ ነው፤ ሰሙ አልቀበልም ብሎት እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ቆርቆሮው ታች ሄዶ ተቀመጠ። ይሟሟል ብዬ ደገምኩበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለው ለእኔ ነው። የሺራን የልጅነት ክራዮኖች ፍቄ ጨመርኩ፤ ጭቃ ሆነ። በመጨረሻ ታልፒዮት ሄጄ ደንበኛውን የሻማ ቀለም ገዛሁ። ሲረጋ ሎሚ መሰለ፤ ቀይ ብጨምርበት ደግሞ የፕላስቲክ ባልዲ መሰለ። ያኔ ነው የቀለሞቹን ልክ የምትጽፍበትን ደብተርህን የከፈትኩት። እስከዚያ የእጅ ጽሕፈትህን ማየት አልቻልኩም ነበር።

«የቤታችን» ያልከው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ ፓራፊን ስምንት ማንኪያ፤ የማር ሰም ሦስት ማንኪያ፣ ከኢትዮጵያ ጎዳና፤ ቀይ በቢላ ጫፍ። ያ ሁሉ ሙቀት ለካ ከማር ሰም ነው። ለእኔ ግን ከሹክ፣ ከገበያው ነው የምገዛው ትለኝ ነበር። ወር በገባ በመጀመሪያው አርብ ጠዋት ወጥተህ ድንብላልና አንድ ቆርቆሮ ሰም ይዘህ ስትመለስ ስንት ዓመት አየሁህ። ሱቁን ለመደበቅ ምን አስዋሸው ብዬ ሳቅሁብህ። ያንኑ ቆርቆሮ፣ የስልክ ሽቦ እጀታ የሠራህለትን የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አንጠልጥዬ ረቡዕ ዕለት በባቡሩ ወደ መሐል ከተማ፣ ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ወረድኩ።

ጎዳናውን ሁለቴ ወጣሁት፣ ሁለቴ ወረድኩት። ግራ ቀኙ የድንጋይ አጥር ነው እንጂ ሱቅ የሚባል ነገር የለም። እዚያ ባለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንድ ሰው ደጁን ሲጠርግ አገኘሁና የማር ሰም የሚሸጠው የት ነው አልኩት። ፊቴን ሳይሆን እጄን አየ። «ይሄ የእማሆይ ቆርቆሮ አይደለም እንዴ?» አለና ሊጠራቸው ገባ።

አስማረ፣ የመጣኸው አንተ ነህ። ቆብ ደፍተህ፣ ግራ ትከሻህን ዝቅ አድርገህ፣ በአንድ ጎን እየቀደምክ። የፊት ጥርሳቸው እንኳ እንዳንተ ፍንጭት ነው። አጥሩን ያዝኩ። እማሆይ ቆርቆሮውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ምነው፣ ወንድሜን ምን ነካው? ከፋሲካ ወዲህ አላየሁትም። አሞት ነው?» አሉኝ።

ወንድሜ! ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር አብሬህ ኖሬያለሁ። ሺቫ፣ ሰባቱን የሐዘን ቀን ስንቀመጥ ዘመድህን ሁሉ በየተራ አቅፌ አልቅሻለሁ። እህት የምትባል በመካከላቸው አልነበረችም።

በእኛ ዘንድ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለህ። ዘመድ ይሰበሰባል፣ የሚናገር ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎህ ሲቀድ ይኬዳል፣ ሲወድቁ የሚይዝ ሰው ከጎን ይቆማል። እኔ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ባዶ ቆርቆሮ ይዤ ብቻዬን ደጃፍ ላይ ቆሜያለሁ። አፌ እኔን ሳይጠይቅ «ደህና ነው። ሥራ በዝቶበት ነው እኔን የላከኝ» አለ።

ደስ አላቸው። ፊታቸው እንዴት እንደበራ ብታይ ትጠላኝ ነበር። ሚስቱ መሆኔን ሲያውቁ እጄን ይዘው ከአጥሩ ጥላ ሥር አስቀመጡኝ፤ ስለ ሺራ ጠየቁኝ፣ የወተት ጥርሷ መቼ እንደወለቀ ሳይቀር ያውቃሉ። ስልክ ለምን አልደወሉም ብላቸው «እሱ ይመጣል እንጂ እኔ ቤቱን አላስቸግርም» አሉ። ቆርቆሮውን ሞልተው ሲያመጡልኝ ምን እንዳሉኝ ስማ፦ «ጧፍ ልንሠራ ሰሙ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሜ የሱን አነሳለታለሁ። ሃይማኖቱን አውቃለሁ። የቤተ ክርስቲያን የሆነውን ሰም ሰንበቱ ውስጥ አላስገባበትም።» እኔ ስንት ዓመት ያንን መብራት እያየሁ ሰንበትን ስቀበል፣ የሰንበቴን ንጽሕና የምትጠብቅልኝ መነኩሴ መኖሯን አላውቅም ነበር።

የሽምብራ ቆሎም ቋጥረው ሰጡኝ። ለአስማረ ስጪው፣ ይወዳል ብለው። ላንተ የተላከ ቆሎ ጭኔ ላይ አድርጌ በባቡር ስመለስ ማልቀስም አልቻልኩም። ድንጋጤ ለካ እንባም ያደርቃል።

ከባቡሩ ወርጄ ቤቴ አልገባሁም፤ በቀጥታ ታላቅ ወንድምህ ጋሼ ውብሸት ዘንድ ሄድኩ። ቆርቆሮውን ጠረጴዛቸው ላይ ሳስቀምጠው ነገሩ ገባቸው። ስሟ አለሚቱ ነው አሉኝ። ገና በልጅነቷ ክርስትና ተነሥታ ገዳም ገብታ፣ እናንተ ወደዚህ አገር ለመምጣት ጎንደር ተቀምጣችሁ ተራ ስትጠብቁ እሷ ቀድማችሁ ኢየሩሳሌም ደርሳለች። አይሁድ ነን ብላችሁ ፎርም ስትሞሉ እህታችሁ መነኩሴ ናት ቢባል ፋይላችሁ የሚዘጋ መስሏችሁ ስሟን ዘለላችሁት። ስለ እሷ የጠየቃችሁ አልነበረም፤ የፈራችሁት እናንተው ናችሁ። አንተ በመጣህ በወሩ ፈልገህ አገኘሃት። ጋሼ ውብሸት ግን አንድ ቀንም አልሄዱም፤ መጀመሪያ ፈርተው፣ በኋላ አፍረው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለው አንገታቸውን ደፉ። ጋሼ፣ ይህኛው ንጋት ሃያ አምስት ዓመት አደረ እኮ አልኳቸው። እንዲያ ተናግሬያቸው አላውቅም። 

አንተንም እንዲያው መናገር አማረኝ። ከእኔ ምን ፈራህ? ለፎርሙ ዋሸህ እሺ። እኔ ፎርም ነኝ?

አርብ ሺራ መጣች። ሰሙን አብረን አቀለጥን፤ ስምንት ማንኪያ፣ ሦስት ማንኪያ፣ ቀይ በቢላ ጫፍ። እሷ ሳህኑ ላይ ጠብ አድርጋ እስኪረጋ ስንጠብቅ ቆሎውን አገኘችው፤ ሳልከለክላት ግማሹን በላች። ያኔ ነገርኳት። «ዶዳ አለችኝ? እዚህ፣ በየሩሻላይም?» አለች። አክስት ማለቷ ነው። ከዚያ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ «አባ መሞቱን አታውቅም ማለት ነው?» ጠብታው ረጋ። አምፑል ፊት ብንይዘው ልክ ያንተው ቢጫ ነው። ሁለታችንም ቀለሙን አየነው እንጂ የተደሰተ አልነበረም። የእኔ ውሸት ሦስት ቀን ሆኖታል፤ በየቀኑ አንዲት ሴት ደህና ነህ ብላ እየተኛች ነው።

ማክሰኞ በመጀመሪያው ባቡር ሦስታችን ሄድን። ሺራ ፈቃድ ጠይቃ ነው የቀረችው። ጋሼ ውብሸት መንገዱን ሁሉ የሚናገሩትን ሲለማመዱ ነበር፤ በሩ ላይ ስንደርስ አንደበታቸው ታሰረ። ጸሎት አልቆ እማሆይ ወጡ። መጀመሪያ ያዩት ጋሼን ነው፤ ያን ያህል ዘመን ያልመጣ ወንድም፣ ጎህ ሲቀድ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ። በአገራችን ያደገ ሰው ከዚያ ወዲያ ቃል አያስፈልገውም። «አስማረን ቀብራችሁት ነው የመጣችሁት» አሉ። ሲወድቁ ያዝናቸው። ቢያንስ የሚይዝ ሰው ነበራቸው።

ለቅሶው በረድ ሲል «መቼ?» አሉ። ሰባት ወር ሆነው አልኳቸው፤ ረቡዕ ስለዋሸሁትም ይቅርታ ጠየቅሁ።  ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዘወር ብለው «አሁን፣ አሁን ከዚህ ስወጣ ጤናውን ስጠው ብዬ ነው የወጣሁት» አሉ።

ይህን ነው መሸከም ያቃተኝ። እኛ ሰባት ወር ሙሉ ሞተህብን ስንኖር፣ አንተ በዚያች ጎዳና ላይ አንድ ሰው ዘንድ በሕይወት ነበርክ። ሥራ ይበዛብህ ነበር፣ ትዘገይ ነበር፣ ወር ሲገባ ትጠበቅ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት እኔ በእግሬ ሄጄ እዚያም አስቀረሁህ። ይቅር በለኝ፣ የሺራ አባት።

አልረሳህም ብዬ አልምልልህም፤ መርሳቱንማ ሞክሬው አቅቶኛል። የምገባልህ ቃል ሌላ ነው። በተዝካርህ ቀን እህትህ ከፊት፣ ከእኔ አጠገብ ይቀመጣሉ። ጋሼ ውብሸት ሰው ምን ይላል ብለው ይፈራሉ፤ ይፍሩ። ቆባቸውን አይቶ እኚህ ደግሞ ማን ናቸው ብሎ ጆሮዬ ላይ የሚያንሾካሹክ አይጠፋም። እኔ ግን ሳላንሾካሹክ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ፣ የአስማረ እህት ናቸው እላለሁ።

ሚስትህ፣
ብርቱካን